በአንድ ድንጉላ የሚራባ መንደር፦ የፈረስ ዘር ጥበት ከኩንዱዶ ተራራ እስከ አዲሎ

በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በጉርሱም አካባቢ፣ ኩንዱዶ የሚባል አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በዚህ አምባ ላይ ባለቤት የሌላቸው፣ ልጓምም ኮርቻም የማያውቁ ጥቂት ፈረሶች ይኖራሉ። ዘራቸው ከለማዳ ፈረስ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ትውልድ ከሰው እጅ ርቀው ስለቆዩ እንደ ዱር እንስሳ በራሳቸው ይራባሉ። በአፍሪካ እንዲህ ያለ መንጋ እምብዛም አይገኝም፤ ከኩንዱዶ ሌላ ስሙ የሚነሣው በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ያለው የናሚብ በረሃ መንጋ ነው።

የኩንዱዶ ፈረሶች በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተመራማሪዎችን ትኩረት በሳቡበት ጊዜ ቁጥራቸው ከጥቂት አሥራዎች ያለፈ አልነበረም። አምባው ጠባብ ነው፤ ሣሩንና ውኃውን የአካባቢው ከብት ይጋራቸዋል። ገበሬዎችም አንዳንዶቹን እየያዙ ለሥራ ያለምዷቸዋል። ይህ ሁሉ የሚታይ አደጋ ነው። የማይታየው ግን ከዚህ አያንስም፦ ከውጭ አዲስ ደም የማይገባበት ትንሽ መንጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚራባው ከገዛ ዘመዱ ጋር ብቻ ይሆናል።

አንባቢ «የሐረርጌ ተራራ ለሐዲያና ለከምባታ ገበሬ ምኑ ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው፦ መንጋ የሚዘጋው በገደል ብቻ አይደለም። በአዲሎም ሆነ በሆሳዕና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ባዝራዎች ሁሉ ዓመት ከዓመት በአንድ ጎረቤት ድንጉላ የሚጠቁ ከሆነ፣ ያ መንደር ገደል ሳይኖረው ኩንዱዶ ሆኗል።

የዘረመል ብዝሃነት ሲባል

አንድ ፈረስ እያንዳንዱን ዘረመል በሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ። ከዘረመሎቹ መካከል ጉዳት የሚያመጡ ይኖራሉ። ጎጂው ቅጂ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ጤነኛው ይሸፍነዋል፤ ፈረሱም ያለ አንዳች ምልክት ያድጋል፣ ይሠራል፣ ይወልዳል። አባትና እናት ዘመዳሞች ሲሆኑ ግን ያው የተደበቀ ቅጂ ከሁለቱም ወገን ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ደካማ ውርንጭላ፣ የሚጨነግፍ ጽንስ ወይም የማትፀንስ ባዝራ ይታያል። ገበሬው ጥፋቱን በመኖ ወይም በአየሩ ያመካኛል፤ አንዳንዴም ትክክል ነው። ዘር ሲጠብና መኖ ሲያንስ በመልክ ይመሳሰላሉና፣ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው የወላጆችን ዝምድና ማወቅ ነው።

የዝምድናው መጠን በቁጥር ይገለጻል። ድንጉላ ከገዛ ልጁ የሚወልደው ውርንጭላ ከዘረመሎቹ 25 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ የመጡ የመሆን ዕድል አለው። ወላጆቹ በአባት ብቻ የሚገናኙ እኅትና ወንድም ከሆኑ 12.5 በመቶ ይሆናል፤ የአጎት ልጆች ከሆኑ ደግሞ ከ6 በመቶ ጥቂት ይበልጣል። አንድ ጊዜ መድረሱ መንጋን አያጠፋም። የሚጎዳው እየተደጋገመ የትውልድ ልማድ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከአንድ ውርንጭላ ይሰፋል። ልዩ ልዩ ዘረመል ያለው መንጋ ወረርሽኝ ሲመጣ የሚሞትም የሚተርፍም ይኖረዋል፤ ሁሉም የአንድ አባት ልጆች የሆኑበት መንጋ ግን ድክመቱም አንድ ዓይነት ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን፣ ትንኝ የምታስተላልፈውን ደዌ የሚያውቅ አርቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሽታው በአንዳንድ ወረርሽኞች ከታመሙት ፈረሶች አብዛኛውን ይፈጃል።

ቁጥሩ የሚያታልለው እንዴት ነው

ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፤ ከአፍሪካ አገሮችም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። ይህን የሰማ ሰው የዘር ጥበት የሚባል ነገር እኛን አይመለከትም ሊል ይችላል። ዘር የሚጠበቀው ግን በሚወልዱት ቁጥር ነው፤ በተለይም በወንዶቹ። ባዝራ በዓመት ከአንድ ውርንጭላ በላይ አትሰጥም፤ እርግዝናዋ ብቻውን አሥራ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ድንጉላ ግን በአንድ የመራቢያ ወቅት አሥራዎችን ሊያጠቃ ይችላል። ስለዚህ ጠባቡ በር የአባት ወገን ነው።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩበት ቀላል ስሌት አለ፦ የወንድና የሴት ወላጆችን ቁጥር ያባዛሉ፣ ውጤቱን በአራት ያበዛሉ፣ ከዚያም ለሁለቱ ድምር ያካፍሉታል። የሚገኘው ቁጥር መንጋው በዘር ረገድ በእውነት ስንት ፈረስ እንደሚያህል ይነግራል።

አንድ ቀበሌ ውስጥ 40 ባዝራዎች ቢኖሩና ሁሉም በአንድ ድንጉላ ቢጠቁ ስሌቱ የሚሰጠው 4 እንኳ የማይሞላ ቁጥር ነው። አርባ አንድ ፈረስ በዓይን ይታያል፤ በዘር ሚዛን ግን አራት ነው። ድንጉላዎቹ አራት ቢሆኑ ቁጥሩ ወደ 15 ገደማ ይጠጋል፤ ስምንት ቢሆኑ 27 ይደርሳል። በእርባታ ሳይንስ እንደ ዝቅተኛ ወሰን የሚታየው 50 ነው፤ በዚህ መጠን መንጋው በአንድ ትውልድ የሚያጣው ብዝሃነት አንድ በመቶ ብቻ ይሆናል። በአራት ላይ የቆመ መንጋ ግን በየትውልዱ ከአሥራ ሁለት በመቶ በላይ ያጣል። የፈረስ አንድ ትውልድ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ቢታሰብ፣ እንዲህ ያለ መንጋ በአምስት ትውልድ፣ ማለትም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ የነበረውን ብዝሃነት ግማሹን ይጨርሳል።

መፍትሔው ግን የሚያስፈራውን ያህል ሩቅ አይደለም። 40 ባዝራ ያለው ቀበሌ ብቻውን ሃምሳ ላይ ለመድረስ 19 ድንጉላ ያስፈልገዋል፤ ይህን መጠየቅ ቀልድ ነው። ሦስት ጎረቤት ቀበሌዎች ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድንጉላ ይዘው ቢቀያየሩ 120 ባዝራና 15 ድንጉላ ይሆናሉ፤ ስሌቱም 53 ይሰጣል። አንድ ፈረስ ሳይገዛ፣ በመለዋወጥ ብቻ የተገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህን ስሌት እመርጣለሁ።

የታወቁት ስምንት ዓይነቶች

የኢትዮጵያን ፈረሶች በመልክና በሥነ ምኅዳር የለዩ ተመራማሪዎች ስምንት ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ እነሱም አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ኩንዱዶ፣ ኦጋዴንና ሰላሌ ናቸው። በሐዲያ ወይም በከምባታ ስም የተጠራ የለም። ይህ ግን አካባቢያችን የፈረስ ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አረባዊ ጸሐፊ አል-ዑመሪ የሐዲያ ገዢ 40,000 ፈረሰኛ ማሰለፍ እንደሚችል መዝግቧል። ቁጥሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች ልማድ የሆነው ግነት አይጠፋበት ይሆናል፤ ሐዲያ በፈረስ የሚታወቅ አገር እንደነበረ ግን ያሳያል። ፈረስ በአገራችን ክብር የነበረው መሆኑን ለማየት የነገሥታቱንና የመኳንንቱን የፈረስ ስም ማስታወስም ይበቃል፦ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። ዛሬም ዳማውን ከቦራው፣ አምባላዩን ከጉራቻው የሚለይ ሽማግሌ በየመንደሩ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከስምንቱ ዓይነቶች የተወሰዱ የ46 ፈረሶችን በእናት ወገን ብቻ የሚወረስ ዘረመል መርምሮ አምስት የእናት መስመሮችን አግኝቷል። ዓይነቶቹ በመካከላቸው ያላቸው ልዩነት ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሌሎቹ በመጠኑ ራቅ ያሉት ኩንዱዶና ቦረና ናቸው። የልዩነቱ ማነስ ለዘመናት ፈረስ በንግድ፣ በጦርነትና በጥሎሽ ከአገር አገር ሲዘዋወር ከኖረበት ታሪክ ጋር የሚጣጣም ይመስለኛል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ምርመራው የእናትን ወገን ብቻ የሚያሳይ መሆኑ ነው። ከላይ እንዳየነው መንጋ የሚጠበው በአባት በኩል ነው፤ ስለዚህ ስለ ድንጉላዎቻችን ብዛትና ዝምድና ከዚህ ውጤት ምንም ማለት አይቻልም።

በኛ አካባቢ ድንጉላው ወዴት ይሄዳል?

በገጠር የሚወለደው ወንድ ፈረስ ዕድሉ አብዛኛውን ጊዜ ጋሪ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሀላባ ቁሊቶና በአዲሎ መንገዶች ጋሪ የሚጎትቱት በብዛት ወንዶች ናቸው። ጠንካራውና ቁመናው ያማረው ቀድሞ ይሸጣል፤ ዋጋ የሚያወጣውም እሱ ነው። ወደ ከተማ የገባ ድንጉላ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል፤ ሌሊቱን ታስሮ ያድራል። ልጅ ሳይተው ይደክማል፣ ይቆስላል፣ ይሞታል። በመንደር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው፤ ባዝራዎቹንም የሚያጠቃው እሱ ይሆናል። ገበሬው በበሬ ቢሆን ይህን አይፈቅድም ነበር፤ በፈረስ ግን ሳያስበው ያደርገዋል። ገበያው መልካሙን ወስዶ ደካማውን ለዘር የሚያስቀርበት ሁኔታ ከዝምድና እርባታ ጋር ሲደመር ጉዳቱ እጥፍ ነው።

በቅሎም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። በቅሎ ከአህያ አባትና ከባዝራ እናት ትወለዳለች፤ ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው እሷ 63 ይዛ ትወጣለች፣ በዚህም ምክንያት አትወልድም። በዳገቱ አገራችን የበቅሎን ጥቅም የሚክድ የለም፤ ዋጋዋም ከፈረስ ይበልጣል። ነገር ግን ባዝራዋ በቅሎ ያረገዘችበት ዓመት ለፈረስ ዘር የጠፋ ዓመት ነው። ምርጥ ባዝራዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ በቅሎ ሲወልዱ ከኖሩ መስመራቸው ከእነሱ ጋር ያበቃል። አንዲት ባዝራ ቢያንስ አንዲት ሴት ውርንጭላ ከተካች በኋላ ወደ በቅሎ ብትዞር ለቤቱም ለዘሩም ይበጃል።

በዚህ ላይ ባጃጅ መጥቷል። የጋሪ ገበያ በቀነሰ ቁጥር ፈረስ የማርባት ፍላጎትም ይቀንሳል፤ የወል ግጦሹ እየጠበበ በሄደበትና እንሰቱ እስከ ደጅ በተተከለበት አካባቢ ደግሞ ያለ ገቢ ፈረስ ማቆየት ከባድ ነው። ለከብት የሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት አለ፤ ለፈረስ ግን እንዲህ ያለ አገልግሎት ከገበሬው ደጅ አልደረሰም። ስለዚህ የፈረስን ዘር የሚወስነው፣ ዛሬም እንደ ጥንቱ፣ ድንጉላውን የያዘው ሰው ነው።

ከሌላው ዓለም

የዝግ መንጋን ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተማረው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከተፈጥሮ መኖሪያው ጠፋ፤ የተረፉት በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የእንስሳት መጠበቂያዎች የነበሩት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ያሉት ሁሉ ከ12 ያህል የዱር ቅድመ አያቶች የተገኙ ናቸው። መንጋውን ያዳነው የዘር መዝገብ ነው፦ እያንዳንዱ ፈረስ አባቱ፣ እናቱና የተወለደበት ቀን ተጽፎ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢገናኝ ዝምድናው እንደሚያንስ እየተሰላ ከአገር አገር ሲዘዋወር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያዎቹ ወደ ሞንጎሊያ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በአሜሪካ ከ1980 ጀምሮ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ከቆየ የአንድ ድንጉላ ሕዋስ ውርንጭላ በክሎኒንግ ተወለደ፤ ዓላማውም ከመንጋው ጠፍቶ የነበረን ብዝሃነት መመለስ ነበር።

የእንግሊዝ የውድድር ፈረስ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ አለ፣ ፈረሶቹ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ፤ የዛሬዎቹ ወንዶች ሁሉ የአባት ሐረግ ግን ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይመለሳል። ብዛትና ብዝሃነት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። መዝገብም ለውበትና ለፍጥነት ብቻ ከዋለ ዘርን ያጠባል።

ኩንዱዶን ምን ይሻላል?

እንዲህ ላለው ትንሽ መንጋ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛው ልዩነቱ እንዳይጠፋ ከውጭ ምንም አይቀላቀል የሚል ነው። ሁለተኛው ከሌላ አካባቢ ድንጉላ ገብቶ ደሙ ይታደስ ይላል። በኔ እይታ መካከለኛ መንገድ አለ። ገበሬዎች ባለፉት ዓመታት ከአምባው ይዘው ያለመዷቸው ፈረሶች ዝርያዎቻቸው በተራራው ግርጌ ባሉ መንደሮች ይገኙ ይሆናል። እነዚያ ተለይተው ቢመዘገቡ፣ ከመካከላቸውም ለመንጋው የሚሆን ቢገኝ፣ የራሱን ዘር ከራሱ አገር መመለስ ይሆናል። የአገሪቱን የእንስሳት ዘር ሀብት የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ሥራው ግን ያለ ጉርሱም ገበሬ ፈቃድ አይሳካም። ሣሩንና ውኃውን የሚጋራው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ አምባውን ማንም አይጠብቀውም።

ለአርቢው የሚጠቅሙ ነጥቦች

የመጀመሪያው ደብተር ነው። ውርንጭላው የተወለደበት ወር፣ የእናቱ መልክና ምልክት፣ አባቱ የማን ድንጉላ እንደነበረ በአንድ መስመር ከተጻፈ ይበቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በአፍ ማስታወስ ያስቸግራል።

ሁለተኛው የድንጉላው የቆይታ ዘመን ነው። ድንጉላ ወደ መንደር በገባ በአራተኛው ዓመት ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ይደርሳሉ። ስለዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ ከጎረቤት ቀበሌ ድንጉላ ጋር መቀያየር ከልጆቹ እንዳይገናኝ ይከለክለዋል። በዕድርና በጉርብትና ለተሳሰረ ሕዝብ ይህን መስማማት አዲስ ነገር አይሆንም። ያማረውን ድንጉላ ለጋሪ ከመሸጥ ወይም ከማኮላሸት በፊትም ጥቂት ባዝራዎችን እንዲያጠቃ አንድ ወቅት መስጠት ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው፤ ድንጉላ ሲዘዋወር በሽታም አብሮ ይዘዋወራልና። በግንኙነት የሚተላለፈው ዶሪን በተለይ በአርሲና በባሌ ደጋዎች የሚታወቅ ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ድንጉላ በእንስሳት ሐኪም ሳይታይ ባዝራ ማጥቃት የለበትም። የብልቱ ማበጥ፣ የቆዳ ላይ እብጠትና የኋላ እግር ድካም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበዛው፣ በቆዳ ላይ ተደርድሮ የሚፈነዳ ቁስል የሚያወጣው ንድፍት ደግሞ ከቁስልና ከተበከለ ኮርቻና ማሰሪያ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ለመታየት ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ስለሚችል አዲስ የገባ ፈረስ ለብቻው ታስሮ፣ በራሱ ገመድና ኮርቻ ቢቆይ ይመረጣል። ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል፤ ትንኝ ከሚበዛበት ከዝናቡ ወቅት ማብቂያ አስቀድሞ ለማስከተብ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።